ሪፖርቱ አልመጣም፣ ሎጉስ የት አለ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው ኤስኤስአርኤስ 2016 (የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ፣ ከዳታቤዝ ሪፖርት የሚያወጣው ሶፍትዌር) ሪፖርት ሰርቨር ሁለት ችግር ገጥሞታል። አንድ ሪፖርት ከፋይናንስ ክፍል ኮምፒውተሮች ሲከፈት ኤረር ይሰጥና «ዝርዝሩን ለማየት ሰርቨሩ ላይ ሆነህ ክፈተው፣ ወይም ሪሞት ኤረርን አብራ» ብሎ ይቆማል። ሌላው ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለኃላፊዎች በኢሜይል የሚሄደው ሪፖርት ነው። ጠያቂው «በአንድ ጊዜ ቆመ» ይላል፣ ከቆመም ሰንብቷል፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንቱ (ሥራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጆብ ግን በየቀኑ «ተሳክቷል» ይላል። ጠያቂው ሲ ድራይቭን ሲያስስ ሎግ (ሶፍትዌሩ የሠራውንና የገጠመውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ) የሚባል ነገር አላገኘም። «ሁሉንም ሎግ በከፍተኛው ደረጃ እንዴት ላብራው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከማብራትህ በፊት አንዴ ቆም በል። የምትፈልገው ሎግ አብዛኛው በርቷል። ሰርቨሩ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ እየጻፈ ነው፣ ያነበበው ሰው የለም እንጂ። ኤስኤስአርኤስ አንድ ሎግ ብቻ ያለው ሶፍትዌር አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን በራሱ ቦታ ይጽፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለብህ የወደቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። ያንን ሳታውቅ ሁሉንም ወደ ከፍተኛው ደረጃ ብታወጣው ዲስክህ በማይጠቅም ጽሑፍ ይሞላል፣ የምትፈልጋት አንዲት መስመር ደግሞ እዚያው ውስጥ ትጠፋለች።

ከዋናው እንጀምር፣ ትሬስ ሎግ ከሚባለው፣ ሰርቪሱ ሥራውን በየእርምጃው ከሚጽፍበት ፋይል። በ2016 እትም፣ ማንም ቦታ ካልቀየረው፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ከዚያ ኤምኤስአርኤስ13 ብሎ የሚጀምረው ፎልደር (ከነጥቡ በኋላ የኢንስታንስህ፣ ማለትም ሲጫን የተሰጠው ስም ይከተላል)፣ ከዚያ ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ፣ መጨረሻ ላይ ሎግፋይልስ። 13 የ2016 ቁጥር ነው። 2014 ከሆነ 12፣ 2012 ከሆነ 11 ታያለህ። ከ2017 ወዲህ ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ራሱን ችሎ ስለሚጫን መንገዱ አጥሯል፦ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ፣ ኤስኤስአርኤስ፣ ሎግፋይልስ።

ያንተ ሲ ድራይቭ ላይ ካልተገኘ ብዙ አትጨነቅ። ብዙ ቦታ ሲጫን ዲ ድራይቭ ላይ ይደረጋል። ፍለጋውን ትተህ ሰርቪስስ የሚለውን መስኮት ክፈት፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። እዚያ ሰርቪሱ የሚነሳበት ፋይል ሙሉ አድራሻ ተጽፏል። አድራሻው ቢን የሚባል ፎልደር ውስጥ ያደርስሃል። ከቢን ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ውጣ፣ ሎግፋይልስ እዚያው ጎን ተቀምጧል። አለቀ። ግምት የለም፣ ፍለጋ የለም። ፎልደሩ አልከፈትም ካለህ የሰርቨሩ አድሚን በሆነ አካውንት ግባ፤ የዊንዶውስ ፍለጋም ፐርሚሽን የሌለህ ፎልደር ውስጥ ገብቶ አያይልህም፣ ምናልባት ያጣኸው በዚህም ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ሁለት ሪፖርት ሰርቨር ጎን ለጎን አንድ ዳታቤዝ እየተጋሩ የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ሎግ በራሱ ዲስክ ላይ ነው የሚጽፈው። አንዱን አይተህ «ምንም የለም» አትበል።

ፎልደሩን ስትከፍት ብዙ ፋይል ታያለህ። ሪፖርትሰርቨርሰርቪስ ብሎ የሚጀምረው ዋናው ነው። ስሙ ላይ ቀንና ሰዓት ተለጥፎበታል። ፖርታል ዌብሆስት የሚል ቃል ያለበት ደግሞ የድረ ገጹ ነው፣ ማለትም ተጠቃሚው ሪፖርቶቹን የሚያስስበት ገጽ። ገጹ ራሱ አልከፈት ካለ እሱን አንብብ። ገጹ ተከፍቶ ሪፖርቱ ብቻ ከወደቀ ግን ዋናው ውስጥ ነው ነገሩ። ኤስኪውኤልዲኤምፒአር የሚል ስም ያላቸው ፋይሎች ካየህ ደግሞ ሰርቪሱ ክፉኛ ሲታመም የጣላቸው የሜሞሪ ቅጂዎች ናቸው፣ ለማይክሮሶፍት ድጋፍ ካልሆነ ለኛ ብዙም አያገለግሉም። ቦታ ግን ይበላሉ።

እኛ አገር ሁሌ የሚያደናግር ነገር አለ፣ ሰዓትና ቀን። ተጠቃሚው ደውሎ «ጥቅምት 24 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የተበላሸው» ይልሃል። ሎጉ ላይ የምትፈልገው ግን 11/03/2025፣ 08፡02 አካባቢ ነው። ወሩ ከቀኑ ይቀድማል። ይህን ሳይለውጥ ሎግ ውስጥ ገብቶ «በዚያ ሰዓት ምንም ኤረር የለም» ብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። የሰርቨሩ የሰዓት ዞንም የኢትዮጵያ መሆኑን አረጋግጥ። የተከራየኸው ክላውድ ላይ ያለ ማሽን ከሆነ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሌላ 3 ሰዓት ትቀንሳለህ።

አሁን አንድ መስመር አብረን እንይ። አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የክፍሉ ስም (ላይብረሪ፣ ፕሮሰሲንግ፣ ኖቲፊኬሽን፣ ኢሜይልኤክስቴንሽን)፣ ከዚያ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ የአፕሊኬሽን ዶሜይኑ ስም፣ የትሬድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ፊደል። ፊደሏ አይ ከሆነች መረጃ ብቻ ነው፣ ደብልዩ ማስጠንቀቂያ፣ ኢ ኤረር። ስለዚህ ኖትፓድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ተጭነህ «ኢ ኤረር» (በእንግሊዝኛ ፊደል e ERROR) ብለህ ፈልግ፣ የቀረውን እለፈው።

ኤረሩን ስታገኝ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አትመን። «ሪፖርቱ ሲዘጋጅ ኤረር ተፈጥሯል» የሚለው አርኤስፕሮሰሲንግአቦርትድ የሚባለው መልእክት ለሁሉም ችግር የሚወጣ ነው፣ ምንም አይነግርህም። ከሱ ቀጥሎ በሰረዝ የተሳሉ ቀስቶች ታያለህ። እያንዳንዱ ቀስት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይወስድሃል፣ የመጨረሻው ቀስት ያለበት ቦታ ደግሞ እውነተኛው ምክንያት ነው። እዚያ «ለዚህ ዩዘር መግባት አልተፈቀደም» ካለ የዳታ ሶርሱ (ሪፖርቱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት ግንኙነት) ፓስወርድ ተቀይሯል ማለት ነው። «ታይም አውት» ካለ ኩዌሪው (ዳታውን ከዳታቤዙ የሚጠይቀው ትእዛዝ) ረዝሟል። «እንዲህ የሚባል ኮለም የለም» ካለ ደግሞ አንድ ሰው ዳታቤዙ ላይ ኮለም ቀይሮ ለማንም ሳይናገር ሄዷል፣ ይህን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የፋይናንሱ ኤረር በዚህ ብቻ ይፈታል ብዬ አስባለሁ። «ሪሞት ኤረርን አብራ» የሚለውን ብታበራውም ያው ይህንኑ ጽሑፍ ነው ተጠቃሚው ስክሪን ላይ የሚያወጣው። ማብራት ከፈለግህ በማኔጅመንት ስቱዲዮ (በኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያው ፕሮግራም) ወደ ሪፖርት ሰርቨሩ (ወደ ዳታቤዙ አይደለም) ገብተህ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ኢኔብልሪሞትኤረርስ የሚለውን ትሩ ታደርገዋለህ። የሙከራ ሰርቨር ላይ ደስ ይላል። እውነተኛው ላይ ግን የሰርቨር ስም፣ የዳታቤዝ ስም፣ አንዳንዴም የቴብል ስም ለማንኛውም ተጠቃሚ ያሳያል፣ እኔ አላበራውም። ሰርቨሩ ላይ ሄዶ ሎጉን ማንበብ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለተኛው ሎግ ፋይል ሳይሆን ቴብል ነው፣ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሪፖርትሰርቨር የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ኤክሰኪውሽንሎግ3 የሚባል ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ የተዘጋጀ ኩዌሪ) አለ። ሰሌክት አድርገህ በታይምስታርት ከኋላ ወደ ፊት ደርድረው። ማን፣ የትኛውን ሪፖርት፣ በምን ፓራሜትር፣ በምን ፎርማት፣ መቼ እንደከፈተ፣ ስታተሱስ አርኤስሰክሰስ ነው ወይስ ሌላ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይወጣል።

ከኮለሞቹ ሦስቱን ልብ በል፦ ታይምዳታሪትሪቫል፣ ታይምፕሮሰሲንግ፣ ታይምሬንደሪንግ። መለኪያቸው ሚሊሰከንድ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 118000፣ ሁለተኛው 900፣ ሦስተኛው 400 ከሆነ ሪፖርቱ ምንም አልበደለም፣ ሁለት ደቂቃ ገደማውን የበላው ዳታቤዙ ነው፤ ኩዌሪውንና ኢንዴክሱን እይ። ሦስተኛው 95000 ሆኖ ፎርማቱ ኤክሴል ከሆነ ደግሞ ዳታው ቶሎ መጥቷል፣ አንድ ሰው መቶ ሺህ መስመር ኤክሴል አውጣልኝ ብሎ ሰርቨሩን ጨንቆት ነው፤ ሮውካውንት የሚለው ኮለም ይነግርሃል። «ሪፖርቱ ይዘገያል» የሚል አቤቱታ ሲመጣ በዳታቤዝ ቡድኑና በሪፖርት ቡድኑ መካከል የሚነሳውን ክርክር ይህች አንዲት መስመር ትዘጋዋለች። ሶርስ የሚለው ኮለም ካሽ ካለ ደግሞ ተጠቃሚው ያየው አዲስ ዳታ ሳይሆን የተቀመጠ ቅጂ ነው፣ «ቁጥሩ አልተለወጠም» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ አለ።

ይህም በራሱ የበራ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ በዚያው ሪፖርት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሎጊንግ የሚል ገጽ አለ፣ ምልክቱ መደረጉን እይ። ልትቀይረው የሚገባህ የቀኑን ብዛት ነው። የተሰጠው 60 ቀን ነው፣ ያለፈበትን ሰርቨሩ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይሰርዛል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ኦዲተር መስከረም ላይ መጥቶ «ይህን ሪፖርት ግንቦት ውስጥ ማን አወጣው?» ቢልህ የምታሳየው የለህም። ዓመቱን የሚሸፍን ቁጥር፣ ለምሳሌ 400 አድርገው፣ የዳታቤዙን መጠን ደግሞ እየተከታተልክ። ሳታውቀው እንዳይቀር፣ ፓራሜትር የሚለው ኮለም የሂሳብ ቁጥርም የሠራተኛ መለያም ሊይዝ ይችላል። ባንክ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ከሆንክ ቪውውን ማን እንደሚያይ ወስን።

ጠዋት የማይመጣው ኢሜይል ጋ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ለቀናት የሚደክመው።

ሰብስክሪፕሽን (ሪፖርት በተያዘለት ሰዓት ራሱ በኢሜይል እንዲሄድ የሚያዝ ቅንብር) ስትፈጥር ኤስኤስአርኤስ ኤጀንቱ ላይ ጆብ ይፈጥራል፣ ስሙ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር የሆነው። ያ ጆብ ሪፖርት አያዘጋጅም፣ ኢሜይልም አይልክም። ሥራው ደወል መደወል ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሪፖርትሰርቨር ዳታቤዝ ውስጥ ኢቨንት የሚባል ቴብል ላይ አንድ መስመር ያስገባና «ተሳክቷል» ብሎ ይወጣል። ሪፖርት ሰርቨሩ ደግሞ በየ10 ሰከንዱ ያንን ቴብል ያያል፣ መስመሩን ሲያገኝ አንስቶ ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ቢወድቅ፣ ሜይል ሰርቨሩ እምቢ ቢል ጆቡ የሚያውቀው ነገር የለም። አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ኤጀንቱን ማፍጠጥ ጥቅም የለውም።

ማየት ያለብህ ሰብስክሪፕሽንስ የሚባለውን ቴብል ነው፣ ላስትስታተስ እና ላስትረንታይም የሚሉትን ኮለሞች። ፖርታሉ ላይም ሰብስክሪፕሽኑ አጠገብ ስታተሱ ይታያል። ላስትረንታይም ከጆቡ ሰዓት ጋር እኩል እየተጓዘ ከሆነ ደወሉ ተሰምቷል፣ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው። ካቆመ ግን ሰርቪሱ ኢቨንቱን እያነሳ አይደለም፣ ኢቨንት ቴብል ውስጥ የተከማቹ መስመሮች ካሉ ተመልከት፣ ካሉ ሰርቪሱ ራሱ መነሳቱን አረጋግጥ።

ላስትስታተሱ ላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ናቸው። «ሜይል መላክ አልተቻለም» ካለ ትሬስ ሎጉ ውስጥ ኢሜይልኤክስቴንሽን ብለህ ፈልግ፣ ሜይል ሰርቨሩ የመለሰው ቃል በሙሉ አለ፤ ሜይል ሰርቨራችሁ ከጊዜ በኋላ ፓስወርድ ወይም የተመሰጠረ ግንኙነት ግዴታ አድርጎ ከሆነ እዚያ ታገኘዋለህ። «ለዩዘሩ የተሰጠው ፐርሚሽን አይበቃም» ካለ ደግሞ የሰብስክሪፕሽኑን ባለቤት እይ። ሰብስክሪፕሽን የሚሠራው በፈጠረው ሰው መብት ነው። ያ ሰው መሥሪያ ቤቱን ለቆ አካውንቱ ከተዘጋ፣ የፈጠራቸው ሁሉ አንድ ቀን አብረው ይቆማሉ። ያንተ «በአንድ ጊዜ ቆመ» የሚለው አገላለጽ ይህን ነው ያስጠረጠረኝ። ሰው ለቅቆ ነበር እንዴ? በ2016 ባለቤቱን ከፖርታሉ ላይ መቀየር ይቻላል፣ አዲስ መፍጠር አያስፈልግህም። ሦስተኛው «ሜይል ተልኳል» የሚለው ነው። ይህ ኃላፊው ደርሶታል ማለት አይደለም፣ ሜይል ሰርቨሩ ተረክቧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኤስኤስአርኤስን ተወውና የሜይል አስተዳዳሪውን ጠይቅ፣ ወይም ስፓም ፎልደሩን።

በእርግጥ ተዘግቶ የሚመጣው አንድ ሎግ አለ፣ የኤችቲቲፒው፣ ከተጠቃሚው ብራውዘር የሚመጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ የሚመዘግበው። የሚያስፈልግህ ተጠቃሚው «አይከፍትም» እያለ ኤክሰኪውሽንሎግ3 ላይ ስሙ ጭራሽ ከሌለ ነው። መግቢያው ላይ የተመለሰ ሰው ሪፖርት አላስኬደም፣ ስለዚህ እዚያ አይመዘገብም። ከ2008 እትም ጀምሮ ኤስኤስአርኤስ አይአይኤስን (የዊንዶውስን ዌብ ሰርቨር) ስለማይጠቀም የአይአይኤስ ሎግ ውስጥም አትፈልገው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ቀድሞ ያየነው ቢን ፎልደር ውስጥ ሪፖርቲንግሰርቪስስሰርቪስ የሚል የኮንፊግ ፋይል አለ። መጀመሪያ ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ፤ እባክህ ይህን አትዝለል፣ አንዲት ምልክት ብትሳሳት ሰርቪሱ አይነሳም። ኖትፓድን እንደ አድሚን ክፈትና አርኤስትሬስ የሚለውን ክፍል ፈልግ። ኮምፖነንትስ የሚለው መስመር ላይ «ኦል:3» የሚል ታገኛለህ፣ ኮማ አድርገህ «ኤችቲቲፒ:4» ጨምርበት። ከዚያ ሁለት አዲስ መስመር ታስገባለህ፦ ኤችቲቲፒትሬስፋይልኔም የሚል ስም ያለው፣ ዋጋው ፋይሉ እንዲጀምርበት የምትፈልገው ስም፤ እና ኤችቲቲፒትሬስስዊችስ የሚል ስም ያለው፣ ዋጋው እንዲመዘገቡ የምትፈልጋቸው ነገሮች በኮማ ተለያይተው። ቀን፣ ሰዓት፣ የደንበኛው አይፒ፣ ዩዘርኔም፣ ሜተድ፣ ዩአርአይ፣ የስታተስ ኮድ እና የፈጀው ጊዜ ይበቁሃል። ኩኪ የሚሉትን ተዋቸው። አስቀምጠህ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ። ሪስታርቱ እየሄዱ ያሉ ሪፖርቶችን ያቋርጣል፣ ወር መጨረሻ ላይ ከሆንክ ሰው ከወጣ በኋላ አድርገው።

ፋይሉን ስታነብ 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም» የሚል መልስ) አይተህ አትደንግጥ። የዊንዶውስ መግቢያ በኤንቲኤልኤም (በዊንዶውስ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ) ሲሆን አንድ ሁለት 401 መጥቶ ከዚያ 200 («ተሳክቷል») መከተሉ የተለመደ ነው። ችግር የሚሆነው 200 ሳይመጣ ሲቀር ነው። የተጠቃሚው አይፒ ጭራሽ ከሌለ ጥያቄው ሰርቪሱ ጋ አልደረሰም፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚጽፈውን ኤችቲቲፒኢአርአር የሚባል ፎልደር (ሲስተም32 ውስጥ ሎግፋይልስ ስር) እይ። እዚያም ከሌለ ፋየርዎል ወይም ኔትወርክ ነው።

እዚያው ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ዲፎልትትሬስስዊች የሚል አለ፣ አንተ «ከፍተኛው ደረጃ» ያልከው ይህ ነው። 0 ዝግ፣ 1 ኤክሰፕሽንና ሪስታርት ብቻ፣ 2 ማስጠንቀቂያ ይጨምራል፣ 3 የሁኔታ መልእክቶችን፣ 4 ያገኘውን ሁሉ። የተሰጠው 3 ነው፣ በቂም ነው። ወደ 4 የምወጣው ችግሩን በፈለግሁት ሰዓት ራሴ መቀስቀስ ስችል ብቻ ነው፦ ከፍ አድርጌ፣ ቀስቅሼ፣ ፋይሉን ወስጄ፣ ወደ 3 እመልሰዋለሁ። ፋይል 32 ሜጋባይት ሲሞላ ወደ አዲስ ይዞራል፣ የቆየው ደግሞ ከ14 ቀን በኋላ ይጠፋል። ይህ ማለት ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረ ችግር ትሬስ ሎግህ ውስጥ የለም። ችግር እንደሰማህ ፋይሉን ቶሎ ኮፒ አድርግ።

ሰርቪሱ ጭራሽ ካልተነሳ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ኢቨንት ቪወር፣ አፕሊኬሽን ውስጥ ሪፖርት ሰርቨር የሚል ሶርስ ያላቸውን አንብብ።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። ሪፖርቱ የሚከፈተው በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ በሪፖርትቪወር (ፕሮግራም ውስጥ በሚገባ የሪፖርት ማሳያ) ከሆነና ፋይሉ አርዲኤልሲ (ከፕሮግራሙ ጋር የሚቀመጥ የሪፖርት ፋይል) ከሆነ፣ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ያ ፕሮግራም ራሱ ነው። ሪፖርት ሰርቨሩን አይነካም፣ ከላይ ያልኩት የትኛውም ቦታ ላይ ዱካ አይተውም። ሎጉ የፕሮግራሙ ሎግ ነው፣ ፕሮግራመሩ ከጻፈው።

ሳልረሳ፣ የኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ድጋፍ የሚያበቃው ሐምሌ 7 ቀን 2018 ነው (በፈረንጆቹ ጁላይ 14፣ 2026)። ወደ አዲስ ስትዘዋወሩ ትሬስ ሎጉ በአዲሱ መንገድ ስለሚቀመጥ የባካፕና የክትትል ስክሪፕቶቻችሁን አድራሻ ቀይሩ። ፓወር ቢአይ ሪፖርት ሰርቨር ላይ ከሄዳችሁም ሎግፋይልስ የሚለው ፎልደር አለ፣ በራሱ ፕሮግራም ፎልደር ስር።

አሁን ሁለት ነገር ላክልኝ። አንደኛ፣ ከትሬስ ሎጉ የፋይናንሱ ኤረር ያለበትን ክፍል፣ ከ«ኢ ኤረር» እስከ መጨረሻው ቀስት ድረስ። ሁለተኛ፣ የዚያ ጠዋት ሰብስክሪፕሽን ላስትስታተስ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል። የሰርቨር ስም፣ አይፒና የሰው ስም ካለበት አጥፋው። ስክሪንሾት አታድርገው፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ ለጥፈው።